በቤት ሆኖ ስለ መሥራት

በቋንቋችን ሰው የሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ቤት ይባላል። ፍርድ ቤት፥ ጽሕፈት ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ ማተሚያ ቤት፥ ግምጃ ቤት እንላለን፤ ሁሉንም ባንድነት ስንጠራቸው መሥሪያ ቤት እንላቸዋለን። ሰው የሚያድርበት፥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ እንጀራ የሚቆርስበትም ያው ቤት ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም በሁለቱ መካከል መንገድ አለ፤ ይህም መንገድ ጠዋት ሲሄዱበት የሥራ ሰው፥ ማታ ሲመለሱበት የቤተ ሰብ አባት ያደርጋል። እኔ መንገዱ ምን ያህል ያገለግለኝ እንደ ነበረ ያወቅሁት በ2012 ዓ.ም. በተቋረጠ ጊዜ ነው።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፥ በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና ሕመም የያዘው የመጀመሪያው ሰው በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከመጋቢት 16 ቀን ጀምሮ ከፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሚበዙት በየቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። እኔ የምጽፍበት ፍርድ ቤትም ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ችሎቱን ስላቆየ፥ እኛ ጸሐፊዎች መዛግብቱን እየፈረምን ተረክበን የውሳኔውን ግልባጭ በቤታችን እንድናሰናዳ ሆነ። እኔም 11 መዝገብ በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታዬ ብዙ ነበረ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፥ ማታም የዚያኑ ያህል ይጠፋብኝ ነበር። ይህ በቀን 3 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢታሰብ 15 ሰዓት፥ ይኸውም ሁለት የሥራ ቀን ያህል ይሆናል። ለታክሲና ለምሳ የሚወጣው ገንዘብ በኪሴ ቀረ፤ ጫማዬ እንኳ ማለቁን ተወ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ቤተ ሰቡ ሳይነቃ ስጽፍ፥ በመሥሪያ ቤት አንዱ እየጠራኝ ሁለተኛው እያጫወተኝ በሙሉ ቀን የምጨርሰውን ሥራ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት እጨርሰው ነበር። ትንሹ ልጄ ቀድሞ እኔን የሚያየኝ ጠዋት ሲያንቀላፋ፥ ማታም ሲያንቀላፋ ነበር። በዚያ ወራት ግን እኔን የኔታ እንዳስተማሩኝ፥ በስንደዶ እያመለከትሁ ፊደል አስቈጠርሁት። ሀ ሁን ከአባቱ አፍ የተማረ ልጅ ስላለኝ፥ የቀረውን ሁሉ ብረሳ ያን ወራት በክፉ አላነሣውም።

ነገር ግን ቤታችን ሁለት ክፍል ያለው ኮንዶሚኒየም ነው። የምጽፍበትም ጠረጴዛ የምንበላበት ጠረጴዛ ነው፤ ምሳ ሲቀርብ መዝገቡ ወደ አልጋ ይሄዳል፥ እራት ሲቀርብም እንዲሁ። ልጆች አባታቸው በቤት ካለ ሥራ እንደሌለው አጥብቀው ያምናሉ፤ ዘመድም ከልጆች የተለየ እምነት የለውም። «መቼም አንተ በቤት ነህ» እያሉ አንዱ ሐኪም ቤት አድርሰኝ፥ ሁለተኛው ለተጣሉት ባልና ሚስት ሽማግሌ ሁንልን ይለኛል። ቀኑ በዚህ ሲባክን ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፤ እንዲህ ሆኖ በመንገድ የዳነው 3 ሰዓት ተመልሶ በእንቅልፌ ላይ ተከፈለ። በመሥሪያ ቤት ሳለሁ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ብዕሬን አስቀምጬ እወጣ ነበር፤ በቤት ግን ወደ ማን እወጣለሁ? እነዚህ ግን ትንንሾቹ ጉዳቶች ናቸው።

በሚያዝያ ወር አንዲት ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ቡና ልትጠጣ መጣች። ደግ ሴት ናትና አልወቅሳትም። በመዝገብ ሽፋን ላይ የአመልካችና የተጠሪ ስም በጉልሕ ተጽፎ እንደሚገኝ አንባቢ ያውቃል። በጠረጴዛው ዳር የነበረው መዝገብ የባልና ሚስት የፍቺና የንብረት ክፍያ ነበረ፤ እርሷም ስሙን አይታ ምንም ሳትናገር ቡናዋን ጠጥታ ሄደች። በአራተኛው ቀን እኔ በጓዳ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ፤ የ9 ዓመት ልጄም ከፈተች። ወዲያው አንድ የፕላስቲክ ባልዲ በሁለት እጇ እየጎተተች መጥታ፥ «አባዬ፥ አንድ ሰውዬ ማር ሰጡን» አለችኝ።

ወጥቼ ባየሁ ጊዜ በደረጃው ላይ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ፥ «ጌታው፥ መዝገባችን ከእርስዎ ዘንድ እንዳለ ሰምቼ ነው። ቶሎ ይገለበጥልኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አሳብ የለኝም» አለ። እውነቱን እንደ ተናገረ አምናለሁ። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ጸሐፊ የሚለውጠው ነገር የለም፤ እርሱም ግልባጩን ብቻ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ተከራካሪዋ ሴት ያን ባልዲ በእኔ በር ሲገባ ብታይ ኖሮ ምን ትል ነበር? ባልዲውን ይዤ ተከትዬው አራት ፎቅ ወረድሁና በግድ አስያዝሁት። እርሱ አፈረ፥ እኔም አፈርሁ፤ ከደረጃው በታች የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉ አዩን። ማሩን ስመልስ አዩኝ፤ ሲገባስ ያዩ፥ ሲመለስ ግን ያላዩ ቢኖሩ? በማግሥቱ ጠዋት መዝገቡን ለአለቃዬ መልሼ ነገሩን በጽሑፍ አስታወቅሁ፤ ግልባጩንም ሌላ ጸሐፊ ሠራው።

የቀድሞውን ሥርዓት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን የሹም መኖሪያ ራሱ መሥሪያ ቤት ነበረ። ዳኝነቱም፥ ግብር መቀበሉም፥ ደብዳቤ መጻፉም በሹሙ ግቢ ይፈጸም ነበር። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ ስንቁን እስኪጨርስ በደጅ ይቆማል፤ ደጅ ጥናት የሚለው ቃል የቀረልን ከዚያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላም ሥራው ከየሹሙ መኖሪያ ባንድ ቀን አልተለየም። ወረቀት ባለበት ደጅ ባለጉዳይ አይጠፋም፤ ባለጉዳይም በሰው ቤት በር ባዶ እጁን መቆም ያፍራል። ይህ ከክፋቱ የመጣ አይደለም፥ ወደ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም የሚለው አስተዳደጉ ነው። መሥሪያ ቤት ከመኖሪያ ቤት የተለየ እንደ ሆነ ግን ባለጉዳይ የሚገባው ወደ ማንም ቤት ስላልሆነ እጁን ሳይሞላ ቀና ብሎ ይገባል። በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሠራተኛ በቤቱ ይሥራ ወይስ አይሥራ ብላችሁ በምትመክሩበት ጊዜ፥ የሠራተኛውንና የመሥሪያ ቤቱን ጥቅም ብቻ ሳይሆን በደጅ የሚቆመውን ሰውም እንድታስቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከማሩ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው።

ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በቤት ትጠልፋለች። ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ ነጋዴ ጨርቁንና ክሩን በገንዘቧ ትገዛለች፤ ጠልፋ ስትጨርስ ለዚያው ነጋዴ መልሳ ትሸጥለታለች፤ ዋጋውንም የሚቈርጠው እርሱ ነው። እኔም ሰው «ባለቤትህ ሥራ አላት ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የለም፥ በቤት ናት» ብዬ እመልስ ነበር። በዚያ ወራት ግን በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን፤ በአንዱ ጠርዝ መዝገቤ፥ በሁለተኛው ጠርዝ ጨርቋ። ልጆቹ ሲንጫጩ «አባታችሁ ሥራ ላይ ነው፥ ዝም በሉ» የምትል እርሷ ነበረች። «እናታችሁ ሥራ ላይ ናት» ያለ ግን ማንም አልነበረም፤ እኔም አላልሁም። ልጆቹ በጉልበቷ ላይ ይወጣሉ፥ ወጡ ይገነፍላል፥ በሩ ይንኳኳል፤ መርፌው በዚህ ሁሉ መካከል ይሄዳል።

በእኛ አገር በቤት ሆኖ መሥራት የኮሮና ወራት ያመጣው ነገር አይደለም። ብራና ጸሐፊው በጎጆው ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ሸማኔው የእንጨት ዕቃውን በቤቱ ተክሎ፥ እግሩን በጉድጓድ አድርጎ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ከሸማኔው በፊት ደግሞ ፈታይዋ አለች። እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ፍሬውን አውጥታ፥ በደጋን ነድፋ፥ በእንዝርት ስትፈትል አድጌያለሁ። ነጠላ ሁለት፥ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ለአንድ ጋቢ የሚበቃው ማግ ከእንዝርት እስኪወርድ ድረስ ስንት ምሽት እንደሚያልፍ የሚያውቅ የፈተለ ሰው ነው። ጋቢው ሲያልቅ «ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሸማኔው ስም ይጠራል። ፈታይዋ ግን እሳት ዳር ተቀምጣ የምታርፍ ትመስል ነበር። እኔም በልጅነቴ እንዝርቱን የእረፍት መጫወቻዋ እመስለው ነበር።

በሥራዬ ምክንያት ሕግ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ስለ ሌላ ጉዳይ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011ን ስገልጥ ዓይኔ ከአንቀጽ 46 ላይ ዐረፈ። ሰው በአሠሪው የቅርብ ቍጥጥርና መሪነት ሳይሆን፥ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ስፍራ ሆኖ፥ በልማድ ለአሠሪው ሥራ እየሠራ ደመወዝ የሚቀበል እንደ ሆነ ይህ የሥራ ውል ነው ይላል። ቀጥሎም፥ አሠሪ ለሠራተኛው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ሸጦ የተሠራውን መልሶ የሚገዛበት ስምምነት እንደዚሁ በቤት የሚሠራ የሥራ ውል ሆኖ ይቈጠራል ይላል። ይኸው ቃል ከእርሱ በፊት በነበረው በዐዋጅ ቍጥር 377/1996ም ተጽፎ ነበር። አንቀጽ 47 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፥ የሰጠውን ዕቃ ዓይነትና ዋጋ፥ ያዘዘውን ሥራ፥ የሚከፍለውን ገንዘብ በመዝገብ እንዲጽፍ ያዝዛል። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ዐዋጅ አይገዛምና ለእኔ አይሆነኝም። ነገር ግን በጠረጴዛዬ ማዶ ለተቀመጠችው ሴት ሕግ አውጪው ቀድሞ አስቦላት ኖሮ፥ እኔ ሳላነብላት ዓመታት አለፉ።

ባለቤቴ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ለነጋዴው ነገረችው። እርሱም በመጀመሪያ ተቈጣ፤ «እኔ ሸቀጥ ሸጬ ሸቀጥ ገዛሁ እንጂ ሠራተኛ ቀጠርሁ ወይ?» አለ። ሁለት ሳምንት ሥራ ሳይሰጣት ቀረ፤ በእነዚያም ሁለት ሳምንታት ሕግ ዐዋቂው ባል በቤቱ ብዙ አልተመሰገነም። በነሐሴ የዘመን መለወጫ ትእዛዝ ሲበዛበት ግን ራሱ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁንና ክሩን ሳያስገዛ ይሰጣታል፥ የሰጣትንና የተቀበላትንም በሁለት ደብተር ይጽፋሉ፤ አንዱ በእርሱ ዘንድ፥ አንዱ በእኛ ዘንድ ነው። ሕጉ የሚያዝዘውን የቀረውን አልፈጸመም፤ እኛም ክስ አላቀረብንም። ሰው ከሚያበላው ጋራ በቶሎ አይካሰስም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ሳይበዛ ነጋዴዎች ሱፍና ጥጥ በየገበሬው ቤት እያደሉ ያስፈትሉና ያሠሩ ነበር። ሪቻርድ አርክራይት እ.ኤ.አ. በ1771 በክሮምፎርድ በውሃ ኃይል የሚዞር የፈትል ፋብሪካ ካቆመ በኋላ ግን መኪናው ወደ ሰው ቤት መሄድ ስለማይችል ሰው ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ። ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1973፥ ጃክ ናይልስ የሚባል አሜሪካዊ ሠራተኛውን በመኪና ከማመላለስ ሥራውን በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው መላክ ይሻላል ብሎ ያጠና ጀመር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በቻይና አገር በሻንጋይ የተደረገው ሙከራ ነው። ሲትሪፕ የሚባል የጉዞ ወኪል ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ጀምሮ ለ9 ወር፥ በስልክ ደንበኛ ከሚያስተናግዱት ሠራተኞች መካከል ወድደው የቀረቡትን 249 ሰዎች በልደት ቀናቸው ከፈላቸው። ቀኑ ሙሉ ቍጥር የሆነላቸው በሳምንት 4 ቀን በቤት፥ የቀሩት በቢሮ እንዲሠሩ አደረገ። ኒኮላስ ብሉምና ጓደኞቹ ውጤቱን ሲመረምሩ የቤቶቹ ሥራ በ13 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚህም 9ኙ እጅ የመጣው እረፍትና የሕመም ቀን ስለ ቀነሰ፥ ማለት ብዙ ደቂቃ ስለ ሠሩ ነው። ሥራ የሚለቀውም በግማሽ አነሰ። ነገር ግን በሥራው ልክ ሲመዘን ሹመት የሚያገኘው የቤቱ ሠራተኛ አነስተኛ ሆነ፤ ከዓይን የራቀ ከአለቃ ልብ ሳይርቅ አልቀረም። ሙከራው አልቆ ምርጫ በተሰጣቸው ጊዜም ከቤቶቹ ብዙዎች ብቸኝነቱን ጠልተው ወደ ቢሮ ተመለሱ። ሁሉም እንደ ምርጫው ከሆነ በኋላ የቤቶቹ ብልጫ ወደ 22 ከመቶ ደረሰ።

በዚህ ሙከራ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ወደ ሙከራው ለመግባት በቤቱ የራሱ ክፍል ያለው ሰው መሆን ግዴታ ነበረ። ስለ 13 ከመቶው ብዙ ሲነገር ስለ ክፍሉ የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ ያን ሙከራ ለመግባት ብጠይቅ ኖሮ በበሩ እመለስ ነበር፤ ባለቤቴም እንዲሁ። ይኸው ኩባንያ በኋላ በ1,612 ሠራተኞች ላይ ሌላ ሙከራ አደረገ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፥ ረቡዕና ዓርብ፥ በቤት እንዲሠሩ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት ሥራ የሚለቀው በሲሶ መቀነሱን፥ በሹመትም ልዩነት አለመታየቱን ያመለክታል። በእኔ አስተያየት ለእኛም መሥሪያ ቤቶች የሚስማማው እንደዚህ ያለው ነው። በሁለቱ ቀን ጽሕፈቱና ምርመራው በቤት ይሠራ፤ የባለጉዳይ ስም የያዘ ወረቀት ግን ከመሥሪያ ቤት አይውጣ። በኢንተርኔት የሚሠራ እንደ ሆነም መብራትና መስመሩ የሚጠፋበት ቀን ይታሰብበት፤ በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ በእርሱ የሚሠራው ሁሉ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ይታወሳል።

ስለ ቤት ሥርዓት እኛ የሞከርነውን ልናገር። ክፍል ለሌለው ሰው ቁልፍ ያለው ሣጥን ግማሽ ክፍል ይሆነዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱም ጨርቁም ገብቶ ይቈለፍበታል። በበሩ እጀታ ላይ ቀይ ክር የታሰረ እንደ ሆነ በቤት ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው አለ ማለት ነው፤ ክሩ በእኔ ወይም በባለቤቴ ቢታሰር ልዩነት የለውም። መጀመሪያ ልጆቹ ለጨዋታ እየፈቱ አስቸገሩን፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ዘመድ እንኳ አወቀው። እኔ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመልሼ በዚያው በር እገባ ነበር፤ ማታም እንዲሁ። ዘበኛው አእምሮዬ የተነካ መስሎት ለባለቤቴ በምስጢር ነግሯታል። እኔ ግን ያን ዙር ካልዞርሁ የሥራው ንዴት እስከ እራት ድረስ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቴ ከተመለስሁ ቆየሁ፤ የታክሲውም ሰልፍ እንዳለ ነው። ጠረጴዛው በመስኮቱ በኩል ተዛውሮ የባለቤቴ ሆኗል፥ ደብተሯም በአጠገቡ በሚስማር ተሰቅሏል። ልጄ አድጋለች። ሰው በሩን ሲያንኳኳ «እናቴ ሥራ ላይ ናት፥ ማን ልበላት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ባልዲ የያዘ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን ጨርሳ አትከፍትም።